አንድ ዘፈን ስንት ፎቶ ነው?

ጂንካ የሄድኩት ለስልጠና ነበር። ስልጠናው በደብዳቤው ላይ የሦስት ቀን፣ በአዳራሹ ውስጥ የግማሽ ቀን፣ በአበል መክፈያው ላይ ደግሞ የአምስት ቀን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አትጠይቁኝ፤ ፈርሜ ስለተቀበልኩ ለመናገር አፍ የለኝም። ብቻ ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ የመጣ ሰው ሁለት ቀን ተኩል ያለ ሥራ ሲተርፈው፣ ወይ አልጋው ላይ ተጋድሞ ኮርኒስ ይቆጥራል፣ ወይ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተሰይሞ ሰው ይታዘባል። እኔ በረንዳውን መረጥኩ። በረንዳውም አላሳፈረኝም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ላንድክሩዘርና አንድ ዶልፊን ሚኒባስ አቧራ ለብሰው ግቢው ውስጥ ገቡ። ከዶልፊኑ መጀመሪያ የወረደው ስፒከር ነው። ለጥቆ ጄነሬተር። ለጥቆ ሦስት ትልልቅ የልብስ ሻንጣ። ሰው የወረደው ከዕቃው በኋላ ነው፤ አራት ወጣት ወንዶች፣ አራቱም ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ የአራቱም ሱሪ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ። ቡና የምታፈላው ልጅ ከረከቦቷ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «ውይ! አደጋ ደርሶባቸው ነው?» አለችኝ።

አደጋ አልደረሰባቸውም። ባንድ ናቸው። ፊልም ሊሠሩ ነው የመጡት።

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ገልብጦ ያጠለቀ፣ ሲናገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አየር ላይ አራት ማዕዘን የሚሠራ ሰው ነው። ቁርሱን ይዞ እኔው ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ታሪኩን ከምንጩ ሰማሁት። «ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው» አለኝ፤ «በአገራችን የመጀመሪያው።» በአገራችን የመጀመሪያው ያልሆነ ነገር የሚሠራ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። አራቱ ልጆች በፊልሙም ራሳቸውን ሆነው ነው የሚተውኑት። ዜማ ይነጥፍባቸውና አዲስ ዜማ ፍለጋ ወደ ደቡብ ኦሞ ይወርዳሉ፤ መንገድ ይጠፋቸዋል፤ ይዘፍናሉ፤ ይርባቸዋል፤ ይዘፍናሉ፤ ድምፃዊው የሀመር ልጅ ይወዳል፤ እሷን ለማግባት ከብት መዝለል አለበት፤ ይዘላል፤ ያገኛታል፤ ሁሉም ይዘፍናሉ።

«ኮሜዲው የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ሁኔታው ራሱ ያስቃል!» አለና እጁን በበረንዳው አሻግሮ ወደ ከተማው ዘረጋ። ከእጁ ትይዩ እንሰቱ፣ ማንጎው፣ ለቅዳሜ ገበያ ሸክማቸውን ይዘው የሚወርዱ የአሪ ሴቶች ነበሩ። አንዳቸውም አላሳቁኝም። ይቺን የተዘረጋች እጅ ግን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ባንድ ሆኖ ራስን በፊልም ላይ እየተወኑ ማሳቅን ወግ ካስያዙት ውስጥ ቢትልሶች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» የተባለውን ፊልም ሪቻርድ ሌስተር በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ሳምንታት ቀርጾ ጨረሰው። ታሪክ ይኑረው ቢባል የለውም፤ አራት ልጆች ከአድናቂ ይሸሻሉ፣ ባቡር ይሳፈራሉ፣ ከአንደኛው አያት ጋር ሲነታረኩ ይውላሉ፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥን ላይ ይዘፍናሉ። እንዲህም ሆኖ ለሁለት ኦስካር ታጨ። ሙያው ገና መክፈቻው ላይ ይታያል። ሦስቱ ልጆች አድናቂ እያባረራቸው ሲሮጡ ጆርጅ ሃሪሰን ተደናቅፎ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ሪንጎ ስታር ከኋላ መጥቶ እዚያው ይደረባል፤ ጆን ሌነን ዞር ብሎ ያያቸውና እየሳቀ ይሮጣል። ዝነኛው ሰው ወደቀ፣ ጓደኛው ሳቀበት፣ ዳይሬክተሩም አልቆረጠውም። 60 ዓመት ሙሉ ሰው እያየው ይስቃል።

በማግስቱ ዓመት የሠሩት «ሄልፕ!» ቀለም አለው፣ ገንዘብ አለው፣ የአልፕስ በረዶና የባሃማስ ባሕር አለው። ቀልዱን ግን ከራሳቸው አንስተው፣ ከምሥራቅ የመጡ ሰው ካልሠዋን ባዮች ተብለው በተፈለሰፉ ሰዎች ላይ ጫኑት። ለእኔ የመጀመሪያው ይበልጣል። በባላገሩ ከመሳቅ በከተሜው መሳቅ ይሻላል ብሎ ማንም አልነገራቸውም መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አምስቱ የስፓይስ ገርልስ ሴቶች «ስፓይስ ወርልድ»ን ይዘው መጡ። በባንዲራ ቀለም የተቀባ ፎቅ አውቶቡሳቸው የለንደኑ ታወር ብሪጅ ለመርከብ ተከፍቶ ሳለ ዘሎ ይሻገራል። የሚዘለው አውቶቡስ የልጅ መጫወቻ የሚያክል ሞዴል መሆኑን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ እነሱም አልደበቁትም። አምስቱ በጋራ «የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት» የሚለውን ጎልደን ራዝበሪ የተባለ የፌዝ ሽልማት አፈሱ። ሃያሲው ሰደበ፣ ልጆቹ ግን ሲኒማ ቤቱን ሞሉት። እነዚያ ሴቶች ቢያንስ አንድ ነገር አውቀዋል፤ እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ ማላገጫው ራሱ ባንዱ ነው።

እኛስ? እኛ ባንድ አጥተን አናውቅም። ባንዶቻችን ግን ሲያስቁን አላየሁም፤ ኮስታራ ናቸው፤ ካሴት ሽፋን ላይ እንኳ የፓስፖርት ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነው የሚቆሙት። ይኸውም ለፊልም የሚሆን ታሪክ ጠፍቶ አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ጭፈራ የገባ ሰው በሰዓቱ ካልወጣ እዚያው ማደሩ ነው። እስቲ አስቡት፦ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ቢደክመውም ቢሰለቸውም መሄጃ የለውም፤ የተጣላው ከተጣላው ጋር፣ ያበደረው ከተበዳሪው ጋር ተዘግቶበት ያድራል፤ ባንዱም ማቆም አይችልም። ከዚህ በላይ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ምን አለ? የዋሊያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ይህን ፊልም የሚያደርግ አልተገኘም። የአገራችንን ሙዚቃ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ያስገባው ፈረንጅ ነው፤ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ከመኪና ቴፕ እያሰማ ቢል መሪን በአሜሪካ ምድር አዞረው።

ወደ ጂንካ እንመለስ። ቀረጻው በኳስ ሜዳ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ የቢትልሶቹን ፊልም ስልኩ ላይ አይቶት ኖሮ፣ እሱም አድናቂ የሚያባርራቸው ዝነኞች ፈለገ። ከጂንካ ልጆች 60 የሚሆኑ ሰበሰበ። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ «ጀምር» ሲባል እየጮሁ ባንዱን ማባረር። «ጀምር» ተባለ፤ ባንዱ ሮጠ፤ ልጆቹም እየጮሁ ሮጡ። ችግሩ በዚያው ቅጽበት የሚቀርጸው ድሮን መነሳቱ ነው። ስድሳውም ልጅ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ አራቱን ዝነኞች እንደ ጎል ቋሚ በግራና በቀኝ እያለፈ ድሮኑን ተከተለ። ባንዱ ዞር ብሎ ሲያይ የሚያባርረው የለም። ድሮኑ የቀረጸው አራት ሰዎች ባዶ ሜዳ ላይ ከምንም ሲሸሹ ነው። ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ ሦስቴም ድሮኑ አሸነፈ። በኋላ እንደሰማሁት ከአራቱ አንዱ፣ ድራም ተጫዋቹ፣ በሦስተኛው ላይ እሱም ወደ ድሮኑ ሮጧል። ከዚያ ባንድ ውስጥ እኔ ተስፋ የማደርገው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ ለዚህ ዓይነት ፊልም የሚሆን ነገር ከጂንካ መጥፋቱ ያሳዝናል። የድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል የነበረ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ይለቀቅለታል። አዲሱ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቆ ነገሩ ወግ ያዘ። አንድ ዝነኛ ባንድ ከአውሮፕላን ሲወርድ የምትቀበለው ላም ብትሆን ምንኛ ባማረ ነበር።

ለሀመር መንደር ቀረጻ ወደ ቱርሚ መውረድ ስላለባቸው፣ እኔም ሥራ ፈት መሆኔን አይተው «ጋሼ፣ ቦታ አለ» ስላሉኝ፣ ላንድክሩዘሩ ላይ ተደራረብኩ። በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብሮን አንድ የጂንካ ልጅ ነበር፤ አባቱ አሪ፣ እናቱ በና፣ በአስጎብኚነት የሚሠራ። ከፊት ወንበር ዞሮ አማርኛውን ለእኔ፣ እንግሊዝኛውን ለፈረንጅ፣ ሀመርኛውን ለሽማግሌ እያዘጋጀ እንደሚኖር ያስታውቃል። መንገዱን ሙሉ ግን ያደረገው ነገር ሒሳብ ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ቱርሚ አካባቢ ስንደርስ ሻንጣዎቹ ተከፈቱ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፤ ያየሁት ነገር ጥድፊያ አይወድም።

ድምፃዊው ከወገቡ በታች የፍየል ቆዳ አገለደመ፤ ዶቃና ዛጎል የተሰፋበት፣ የሀመር ሴቶች የሚለብሱት። ደረቱንና ፊቱን እንደ ካሮዎች በነጭ ቀለም ተነቆጠ። ጸጉሩ ላይ የላባ መዓት ተሰካ። ክንዱ ላይ የኛንጋቶም መሳይ ዶቃ፣ እጁ ላይ የሙርሲዎች የዶንጋ ዱላ። አንገቱ ላይ ደግሞ የልብስ ኃላፊዋ «ይሄ ይደምቅለታል» ብላ ከገበያ የገዛችው፣ ፊት ለፊቱ እንደ ጉጥ የወጣ በቆዳ የተለበጠ የአንገት ጌጥ። አብረውት የሚወዛወዙት ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ከንፈራቸው ላይ ከፕላስቲክ ሰሃን የተቆረጠ ክብ ነገር በማጣበቂያ ተለጠፈላቸው። ሙርሲን መሆናቸው ነው። ከሙርሲ አገር 100 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ሀመር መንደር ውስጥ። ስፒከሩ ሲለቀቅ እንደ ክሊፕ ወጉ ከዘፈኑ እኩል ከንፈር ማንቀሳቀስ ነበረባቸው፤ ሰሃን በተለጠፈበት ከንፈር እንዴት ይንቀሳቀሳል? «እ... እእ...» ይሉ ጀመር። አንደኛው ሰሃን ወልቆ ወደቀ፣ ፍየል መጥታ አሸተተችው።

አስጎብኚውን ጠጋ ብዬ፣ «ይሄ ሰውዬ አሁን የየትኛው ብሔረሰብ ሆኖ ነው የለበሰው?» አልኩት።

ልጁ ከእግር እስከ ራስ አየውና፣ «እሱማ ጋሼ፣ ብቻውን ዞን ነው» አለኝ።

ደቡብ ኦሞ ሲነሳ 16 ብሔረሰብ ይባላል፤ በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ግራር ሥር በርጩማ መሳይ ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው ከቡና ገለፈት የሚፈላ ሾፎሮ የሚጠጡት ሽማግሌዎችም ያዩት ነበር። አንደኛው በቅሉን ከአፉ ሳያርቅ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የቀሩት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጁ ለመተርጎም አፈረ። ግድ ስለው ነው የነገረኝ። ያ እንደ ጉጥ የወጣው የአንገት ጌጥ ቢኜሬ ይባላል፤ በሀመር የሚያደርጉት የመጀመሪያ ሚስቶች ብቻ ናቸው። ሽማግሌው የጠየቁት፣ «ይሄኛው የማን የመጀመሪያ ሚስት ነው?» ብለው ነው።

ለዳይሬክተሩ ይነገረው ወይስ ይተው ብለን ተያየን። ተውነው።

የአዲስ አበባ አንባቢ ሀመርን በደንብ የተዋወቀው በፍቅረማርቆስ ደስታ ልብ ወለዶች ነው፤ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን አንብቦ ቱርሚን ያላለመ የኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ዳይሬክተሩም «ኢቫንጋዲ»ን አንብቤያለሁ ብሎኛል። ሽፋኑን ማለቱ ይሆናል፤ ምክንያቱም ኢቫንጋዲን በቀትር ጠራው። ኢቫንጋዲ ማለት ወጣቶች በምሽት፣ ጨረቃ ስትወጣ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። የኛ ሰው ግን ሁለት የባትሪ መብራት ብቻ ስለያዘ፣ በስድስት ሰዓት፣ ድንጋይ በሚያቃጥል ፀሐይ፣ «ኑ ጨፍሩ» አለ። ወጣቶቹ ፀሐይዋን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ወደ ጥላው ተመለሱ። «ችግር የለም፣ ኤዲቲንግ ላይ አጨልመዋለሁ» እያለ ሊያግባባቸው ሞከረ። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጁ ወደ ሀመርኛ ሲተረጉመው የነበረውን ፊት ባያችሁ! ቀኑን አጨልማለሁ የሚል እንግዳ መጣ ብሎ ነው የነገራቸው፤ ሌላ ምን ይበል?

ሒሳቡ የመጣው ይኼን ጊዜ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በዚህ አገር ፎቶ የሚነሳ ሰው ይከፈለዋል። የካሜራውን «ቀጭ» በጆሮው እየቆጠረ፣ አንድ ሲነሳ አንድ፣ አምስት ሲነሳ አምስት ያስከፍላል። ይኼን አይቶ «ገንዘብ ለመዱ» ብሎ የሚያዝን እንግዳ ብዙ ነው፤ ያው እንግዳ ፎቶውን አገሩ ወስዶ ምን እንደሚያደርግበት ግን አይናገርም። ለማንኛውም የዚያን ቀን ስምምነት ለአንድ ፎቶ 5 ብር ነበር። ዳይሬክተሩ ደስ አለው። «እኛ ፎቶ አናነሳም፤ ቪዲዮ ነን» አለ፤ ነፃ ነው ማለቱ ነው።

ልጁ ስልኩን አወጣ። «ካሜራችሁ በሰከንድ ስንት ፍሬም ነው?» አለው በትሕትና።

«25» አለ ዳይሬክተሩ፣ ሙያዊ ጥያቄ ስለተጠየቀ ደረቱን ነፍቶ።

«ዘፈናችሁስ ስንት ደቂቃ ነው?»

«4።»

«አራት ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። በ25 ሲባዛ 6000 ፎቶ። በ5 ብር 30,000።» ስልኩን አዞረለት። «ይሄ ለአንድ ሰው ነው።»

ዝምታ ሆነ። ጄነሬተሩ ብቻ ይንደቀደቃል። ዳይሬክተሩ በጣቶቹ የሚሠራው አራት ማዕዘን አየር ላይ ፈረሰ። ድራም ተጫዋቹ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ቁጥሩ ሲተረጎምላቸው አልተገረሙም፤ እንደሚመስለኝ ትንሽ ያንሳል ብለው ነው። ድርድሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ በሁለት ፍየልና በዚያ ቀን በያዙት ጥሬ ገንዘብ ተቋጨ። እኔም ከአበሌ 200 ብር አበደርኩ። አልተመለሰልኝም። ለነገሩ አበሉስ የኔ ነበር እንዴ?

ዳይሬክተሩ በልቡ «ካሜራ ያላዩ ሰዎች» ብሎ ነው የመጣው። ጂንካ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከል ሙዚየም ጎራ ብሎ ቢያይ ኖሮ ይድን ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» የተባለውን ፊልሙን በሀመር ላይ ሠርቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አንትሮፖሎጂስቶቹ ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል ከሀመሩ ባልዳምቤ ጋር ተቀምጠው የሀመርን ወግ በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ዓመት ቆጥረው እየተመለሱም ፊልም በፊልም ላይ ሠርተዋል። በሙርሲ በኩል ደግሞ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ የሙርሲ ሰው ካሜራውን ራሱ ይዞ፣ ከአንድ የውጭ ባለሙያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልም አውጥቷል። እንግዲህ ግራር ሥር የተቀመጡት አባቶች ካሜራ ፊት ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው በልጅነቱ ያልተቀረጸ ካለ ከብት ጥበቃ ሩቅ ሄዶ የነበረ ነው። ባንዱ በካሜራ ልምድ ሁለት ዓመት አለው፤ እሱም ቲክቶክ ተቆጥሮለት።

የመጨረሻው ቀረጻ ከብት ዝላዩ ነው። የእውነተኛውን ሥርዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኡኩሊው፣ ማለትም ዘላዩ ወጣት፣ ራቁቱን ሆኖ፣ ቀደም ብለው የዘለሉት ማዞች ከብቱን ቀንድና ጅራት ይዘው አሰልፈውለት፣ በጀርባቸው ላይ ሮጦ ይሻገራል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሻገራል። ከልጅነት የሚወጣበት፣ ለማግባት የሚበቃበት ነው፤ ቀልድ የለበትም። ሽማግሌዎቹ እውነተኛውን ለፊልም አናደርግም አሉ፤ ዳር ላይ አራት በሬ አሰልፎ እንደ ጨዋታ መሞከር ግን ይቻላል አሉ። «የናንተ ልጅ ይጫወት» አሉ። የተናገሩበትን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ አባት ለሰነፍ የጎረቤት ልጅ የሚጠቀምበት ድምፅ ነው።

በሬዎቹ ተሰለፉ። ድምፃዊው ዞኑን በሙሉ እንደለበሰ ከ20 እርምጃ ርቀት ቆመ። ዳይሬክተሩ «ጀምር!» አለ። ልጁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሮጠ። የመጀመሪያው በሬ ጀርባ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ላይ አንድ እግሩ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ድምፅ የያዘው ሰው፣ ትዕይንቱ እንዲደምቅ ብሎ፣ ስፒከሩን እስከ ጥግ የለቀቀው። ቤዙ ገባ። በሬዎቹ ዘመናዊ ሙዚቃ አልለመዱም፤ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው ወደ ቀኝ ሄደ። ድምፃዊው ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ብቻውን ነበር። ከዚያ ቢኜሬውም ላባውም ዱላውም በየአቅጣጫው፣ እሱ ደግሞ ትኩስ እበት ላይ።

ምንም አልሆነም፤ ቶሎ ብዬ ልናገር፤ የተቧጨረው ክንዱና ክብሩ ብቻ ነው። መንደሩ ግን በሳቅ ፈረሰ። እናቶች ተደጋግፈው ሳቁ። ያ ቀትር ላይ አልጨፍርም ያለ ወጣት ሁሉ መሬት እየመታ ሳቀ። ሁለቱ የባንዱ ልጆች ለመሳቅ ፈርተው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ድራም ተጫዋቹ አልቻለም። ሽማግሌው ብድግ ብለው መጥተው ልጁን አቧራውን አራገፉለትና፣ በአስተርጓሚያቸው በኩል፣ «አይዞህ፣ ከብቶቹ ስለማያውቁህ ነው። ደግመህ ሞክር፤ እኛም ስንት ጊዜ ነው የምንመላለሰው» አሉት። ያንን ፊልም ፊልም የሚያደርገው ነገር በሙሉ፣ በነፃ፣ ከእበቱ ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጆርጅ ሃሪሰን ወድቆላቸዋል። ጆን ሌነን እየሳቀ ነው። የቀረው ካሜራው አለመዘጋቱ ብቻ ነው።

ድምፃዊው ተነሳና የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ማነው የቀረጸ? አጥፉት!» ሆነ። ዳይሬክተሩ ከሁለቱ ካሜራዎች ላይ አስጠፋ። የልብስ ኃላፊዋ ስልክ ተፈተሸ። የሹፌሩ ስልክ ተፈተሸ። ጡረታዬ የቀረበው የእኔም ስልክ ተፈተሸ፤ ያገኙት የስልጠናውን የሻይ ዕረፍት ፎቶ ነው። ማታ ጂንካ ስንመለስ አዲስ ዕቅድ ወጣ፤ ዝላዩ አዲስ አበባ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀረጻል፤ በሬው በኮምፒውተር ይገባል። የስፓይስ ገርልስ አውቶቡስ እንኳ መጫወቻነቱን አልካደም ነበር።

ባንዱ በማግስቱ ሄደ። ሲሳፈሩ ሰማይ ሰማያዊ፣ ሱሪያቸው እንደተቀደደ ነበር። ዳይሬክተሩ በመስኮት እጁን ዘርግቶ ተሰናበተን፤ ያችኑ እጅ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ደውዬ ጠየቅሁ። ፊልሙ አልወጣም። «ኤዲቲንግ ላይ ነው» አለኝ ዳይሬክተሩ። ቀትሩ እስካሁን አልጨለመለትም ማለት ነው።

እንግዲህ አንተ ድምፃዊ፣ ስምህን አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ግን ምናልባት ይህን ካነበብክ አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን የሁላችንም ስልክ ሲፈተሽ የአስጎብኚው ልጅ ስልክ አልተፈተሸም፤ እሱ ይቀርጻል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ። ውድቀትህ እሱ ዘንድ አለ፤ ሽማግሌው አቧራህን ሲያራግፉልህም አለ። አይቼዋለሁ፤ ከዘፈንህ ይበልጣል። ሂድና ግዛው፣ ፊልምህንም በእሱ ጀምረው። ዋጋውን ጠይቄልሃለሁ፦ ሦስት ሰከንድ ናት፤ የስልክ ካሜራ ደግሞ በሰከንድ 25 ሳይሆን 30 ፍሬም ነው ብሎኛል፤ 90 ፎቶ፣ በ5 ብር፣ 450 ብር። ደረሰኝ የለውም።